የጋራ ዓለም ካምፔይን፦ አዘጋጅ የጻፈው ጀብዱ ወደብ ማቃጠል ይችላል?

የወደብ_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ፣ አምስተኛውን ኤዲሽን (እትም)፣ ማጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። እዚህ አካባቢ ያሉ ጥቂት የጨዋታ ቡድኖች የራሳቸው የጋራ ዓለም ካምፔይን አላቸው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ያሳደግሽውን ካራክተር፣ ማለትም የምትጫወቺውን ገጸ ባሕርይ፣ ይዘሽ ሌላው ጋ ሄደሽ ትጫወቻለሽ፤ ዓለሙም ታሪኩም አንድ ነው። በዓመት አንዴ አነስ ያለ ኮንቬንሽን እናዘጋጃለን። ዘንድሮ ከአዘጋጆቹ አንዷ እኔ ነኝና ለኮንቬንሽኑ የሚሆን የአራት ሰዓት ጀብዱ እንድጽፍ ተሰጠኝ።

ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ 31 ገጽ ሆነ። ታሪኩ በአንዲት የወደብ ከተማ ነው፤ የከተማዋን ግምጃ ቤት የሚጠብቁት ሰዎች ራሳቸው ዘርፈውታል፣ ተጫዋቾቹ ያንን ያጋልጣሉ፣ ሌቦቹም ማስረጃ ለማጥፋት ወደቡን ያቃጥላሉ። ያ እሳት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ የጻፍኩት ወደዚያ ለመድረስ ነው።

ካምፔይኑን የሚያስተባብሩት ሰዎች አንብበው በሁለት መስመር መለሱልኝ፦ ጽሑፉ ያምራል፣ ወደቡ ግን አይቃጠልም። በቃ። ከፍቶኛል። የማይለወጥ ዓለም ላይ ጀብዱ መጻፍ ምን ፋይዳ አለው? በድሮዎቹ ካምፔይኖች የተጫወታችሁ፣ ያኔ እንዴት ነበር የሚሠራው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ እሱን ቀጥሎ አመጣዋለሁ።

ቦሌ_ላይ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ስድስት ሆነን በየሳምንቱ ቅዳሜ እንጫወታለን፣ ግን የራሳችንን ታሪክ ብቻ ነው የምናውቀው። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የጋራ ዓለም የምትሉት ነገር ከተራው ካምፔይን በምን ይለያል? ማነው ባለቤቱ?

ሃያ_ገጽታ

ቦሌ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ የወደብ ልጅ የጠየቀችውም ከሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ላይ ልመልስ። እኔ ዳላስ ነው ያለሁት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ ሊቪንግ ግሬይሆክ የሚባል የጋራ ዓለም ካምፔይን ተጫውቻለሁ፣ አጫውቻለሁም።

ቤት ውስጥ የምትጫወተው ካምፔይን ባለቤቱ ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ ነው። ንጉሡ ዛሬ ማታ ቢሞት ነገም ሞቶ ይቆያል፣ የሚያውቁትም ስድስታችሁ ብቻ ናችሁ። በጋራ ዓለም ግን አንድ ጀብዱ በአንድ ቀን በአርባ ጠረጴዛ ሊጫወቱት ይችላሉ። በአንዱ ንጉሡ ይሞታል፣ በሌላው ይድናል፣ በሦስተኛው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያገቱታል። ማታ ላይ እነዚህ ሁሉ ካራክተሮች ቁርጥራጭ ወረቀታቸውን ይዘው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ታዲያ ንጉሡ አለ ወይስ የለም? የአስተባባሪዎቹ ራስ ምታት ይሄ ነው።

ነገሩ የጀመረው አርፒጂኤ በሚባለው የተጫዋቾች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1980 ሲሆን በ1987 ሊቪንግ ሲቲን ጀመረ፤ የጨዋታው ቦታ ሬቨንስ ብላፍ የምትባል፣ ፎርጎትን ሪልምስ በሚባለው የጨዋታ ዓለም ውስጥ ያለች አንዲት የወደብ ከተማ ነበረች። በ2000 ሦስተኛው ኤዲሽን ሲወጣ ደግሞ ሊቪንግ ግሬይሆክ መጣ፣ እስከ 2008 ቆየ። የሱ አሠራር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የግሬይሆክን ዓለም ከ30 በላይ ክልሎች ከፍለው እያንዳንዱን ክልል ለአንድ እውነተኛ አገር ወይም ስቴት ሰጡት። ቴክሳስ የምንኖር የባንዲት ኪንግደምስ ሰዎች ነበርን፤ አውስትራሊያ የሚኖር ፔረንላንድ ነበር። በእያንዳንዱ ክልል ትራያድ የሚባሉ ሦስት በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ጀብዱውን ያጽፋሉ፣ ያርማሉ፣ ይፈቅዳሉ። ጸሐፊዎቹ እኛው ነን፤ የኮምፒውተር ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የኮሌጅ ተማሪ።

የክልሉን ጀብዱ መጫወት የሚቻለው ደግሞ እዚያው ክልል ሄደህ ነው። በየመደብሩ አይሸጥም። ካራክተርህ በዓመት 52 ታይም ዩኒት፣ ማለትም ለጀብዱ የሚያውለው የጊዜ ድርሻ፣ አለው፤ የራስህ ክልል ጀብዱ አንድ ይወስድብሃል፣ የሰው ክልል ሁለት። ስለዚህ የጎረቤት ስቴት ታሪክ ካማረህ መኪና አስነስተህ ትነዳለህ። አራት ሆነን አርብ ከሥራ ወጥተን ሌሊቱን ነድተን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዓይናችን ቀልቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥንበት ቀን አለ። ያንን ያደረግነው ጀብዱው የዚያ አገር ሰዎች የጻፉት ስለነበረ ነው። የራሳቸው ቀልድ፣ የራሳቸው ባለጌ መኳንንት፣ ለሦስት ዓመት የሚጠሉት አንድ ቀራጭ ነበራቸው። ኩባንያ የጻፈው ላይ ያ ነገር አይገኝም።

አሁን የወደብ ልጅ፣ ወደ አንቺ። በኛ ጊዜ ጀብዱው መጨረሻ ላይ ለዲኤሙ የሚሞላ አንድ ገጽ ነበር፦ ወሳኝ ክስተቶች የሚል። ባሮኑ ተረፈ? ደብዳቤው ለማን ተሰጠ? ዲኤሙ ሞልቶ ለትራያዱ ይልካል፤ ትራያዱ ቆጥሮ ብዙኃኑ ያደረገውን እውነት ያደርገዋል፣ ቀጣዩ ዓመት ጀብዱ ከዚያ ይነሳል። ወደቡን አንቺ አታቃጥይው። ይቃጠል አይቃጠል የሚለውን ለጠረጴዛዎቹ ተዪላቸውና ቁጠሪ።

ዳይስ_በኪስ

ጋሽ ሃያ፣ በአክብሮት አልስማማም። ቆጠራ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው ብዙኃኑን ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ለፍተን ያዳንነው ሰው በሚቀጥለው ጀብዱ ሞቶ ብናገኘው ምን ይሰማናል? በዚያ ላይ እሷ የምትጽፈው ለአርባ ጠረጴዛ አይደለም፤ ምናልባት ለስድስት ነው። አነስተኛ ካምፔይን ያለው ትልቁ ሀብት ደፋር መሆን መቻሉ ነው። ያቃጥሉት! ሬቨንስ ብላፍን ያቆሟት ተጫዋቾች አይደሉም እንዴ? ሱቁን፣ መጠጥ ቤቱን፣ ቤተ መቅደሱን እየፈጠሩ ለማኅበሩ መጽሔት ለፖሊሄድሮን ይልኩ ነበር። የሠራ እጅ ማፍረስም ይገባዋል።

ሃያ_ገጽታ

ወንድሜ፣ ቅሬታህ እውነት ነው፤ እኔም ያዳንኩትን ሰው ሬሳውን አግኝቼ አውቃለሁ፣ ያማል። ግን አንድ ነገር አስብ። ወደቡ የእሷ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ጸሐፊ መርከቡን እዚያ ለማቆም አቅዶ ሊሆን ይችላል፤ ገና አንደኛ ሌቭል ላይ ያለ ልጅ ካራክተሩ የዚያ ወደብ ዓሣ አጥማጅ ሊሆን ይችላል። የጋራ ቤት ውስጥ ግድግዳ ከማፍረስህ በፊት ማን ተደግፎት እንደተቀመጠ ታያለህ።

ጠረጴዛ_ሰባት

እኔ በአድቬንቸረርስ ሊግ ነው ያደግኩት፣ በ2014 ከአምስተኛው ኤዲሽን ጋር በጀመረው የጋራ ዓለም ካምፔይን። እዚያ ይሄን ችግር የፈቱት በመሬት ነበር። በ2016 ኮንቬንሽኖች የራሳቸውን ጀብዱ እንዲጽፉ ሲፈቀድ ለጸሐፊዎቹ የተሰጣቸው ሙንሲ የሚባለው የፎርጎትን ሪልምስ አካባቢ ነው፤ ይሄኛው ኮንቬንሽን ይሄን ቦታ፣ ያኛው ያንን እየተባለ። በራስሽ ቁራሽ መሬት ላይ ብዙ ነገር ማድረግ ትችያለሽ፣ የሌላውን ግን አትነኪም። ጀብዱው መጀመሪያ ኮንቬንሽኑ ላይ ይጫወቱታል፣ ከዚያ ዲኤምስ ጊልድ በሚባለው የኢንተርኔት መደብር ላይ ለሽያጭ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ከኩባንያው እትም የሚበልጡ አጋጥመውኛል። ጨርሰው ያልታረሙም አጋጥመውኛል።

አስተባባሪዎችሽ ወደቡን ተዪው ሲሉሽ፣ የራሴ የምላት አንድ ሰፈር ስጡኝ በያቸው። ከተማው ዳር ያለ የጨው መጋዘን ይሁን፣ አንድ መብራት ቤት ይሁን። እሱን ብታቃጥይው ማንም አይከለክልሽም፣ ስሙንም አንቺ ስላወጣሽለት ተጫዋቹ ይወደዋል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ሽልማት። እባክሽ የምትሰጪውን አስማታዊ ዕቃ ሁለት ጊዜ አስቢበት። በሊቪንግ ሲቲ ዘመን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የወረቀት ሰርተፊኬት ነበረው፣ ሰው ይለዋወጠው ነበር። ዛሬም መንፈሱ አልጠፋም። አንድ አዘጋጅ ለጋስ ልሁን ብሎ ከደረጃው በላይ የሆነ ሰይፍ ጀብዱው ውስጥ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ፤ ስሙን አልጠቅስም። በሁለት ወር ውስጥ ያንን ጀብዱ ለታሪኩ ብሎ የሚጫወት ጠፋ። ሰው ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ክፍል ስንት ሰዓት ላይ ነው ይላል፣ ሰይፉን ይጽፋል፣ ይነሳል። ጸሐፊው የሳለው ያ ሁሉ መንደር ማንም ሳያየው ቀረ። ሌሎች ጸሐፊዎችም ጠላቶቻቸውን ያንን ሰይፍ አስበው ማጠንከር ግድ ሆነባቸው፤ ሰይፉ የሌለው አዲስ ተጫዋች ደግሞ እየሞተ ከፈለ።

የወደብ_ልጅ

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ሃያ፣ ዓሣ አጥማጁን ልጅ ሲያነሱብኝ ዝም አልኩ። ስለሱ አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ጀብዱው ውስጥ አንድ አዝማሪ አለ። ግምጃ ቤቱ መዘረፉን ያውቃል፣ በግልጽ መናገር ግን ያስገድለዋል። ስለዚህ በሰምና ወርቅ ይናገራል። በአማርኛ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

ሣጥኑን ጠባቂ ቢጠይቁት ማታ፣
ብር አለ ብሎ ማለ ሳያፍር ላንድ አፍታ።

ሰሙ ሣጥኑ ውስጥ ብር አለ ነው፤ ወርቁ ብር ብሎ ጠፋ። ለኔ የጀብዱው ልብ ይሄ ነው፣ አያቴ ጠላ ቤት እንዲህ ዓይነቱን ስትፈታ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን ጀብዱውን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ኦሃዮ ያደገ ዲኤም ለስድስት የማይተዋወቁ ሰዎች ያነበዋል። ስተረጉመው ሞተ። ከግርጌ ማብራሪያ ብጨምርበት ደግሞ የተብራራ ቅኔ ምን ጣዕም አለው?

ዳይስ_በኪስ

ይሄን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። እባክሽ እንዳታወጪው!

ሐረግ

እኔ የምጽፈው ለሌላ ካምፔይን ነው፣ ስድስት ጀብዱ ጽፌያለሁ፤ እስቲ ከኔ የምትወስጂው ካለ።

ቃሉን አታሻግሪው፣ አሠራሩን አሻግሪው። ብር የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ያለው በአማርኛ ነው፤ አንቺ ግን ዓለም እየፈጠርሽ ነው፣ ሁለት ትርጉሙን እዚያው ዓለም ውስጥ ልትተክዪው ትችያለሽ። የከተማዋ ገንዘብ ላይ ወፍ ይቀረጽ። ሕዝቡ ሳንቲሙን ወፍ ብሎ ይጥራው። ይሄን አታብራሪ፤ መጀመሪያ ትዕይንት ላይ ዳቦ ሻጯ ሁለት ወፍ ነው ትበል፣ በረኛው ሦስት ወፍ ይቀበል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወፍ እያሉ መክፈል ይጀምራሉ። ከዚያ አዝማሪሽ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ የጠባቂዎቹ አለቃ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ፣ ዘንድሮ ወፎቹ ሁሉ ወደቡን ጥለው ሄዱ ብሎ ይዝፈን። አለቃው ስለ ክረምቱ መስሎት ያጨበጭባል። ጠረጴዛሽ ላይ አንድ ሰው ቀና ይላል። የምትጠብቂው ያንን ቀና ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ በእንግሊዝኛም፣ በዕብራይስጥም፣ በጀርመንኛም ይሠራል፣ ዲኤሙም ምንም ማብራራት አይጠበቅበትም።

ሌላው ስለ 31 ገጹ። እህቴ፣ ብዙ ነው። ኮንቬንሽን ላይ ዲኤሙ ያንን ጀብዱ የሚያነበው ባለፈው ሌሊት ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም ቁርስ እየበላ። ጮክ ብሎ እንዲያነበው በሳጥን ውስጥ የምታስቀምጪለት ጽሑፍ ከአራት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። አንድ ጊዜ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን የሳጥን ጽሑፍ የተጻፈበት ጀብዱ እንዳጫውት ደረሰኝ። ጠዋት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ጫጫታ አለ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ በስተግራዬ ያለው ሰው ዳይሶቹን በቀለም መደርደር ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። ሳነብ የነበረው ግሩም ጽሑፍ ነበር፤ ጸሐፊው እንደ ልብ ወለድ ነው የጻፈው፣ የጠረጴዛ ጽሑፍ ግን አፍ ላይ የሚሞከር ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽ ካጠረሽ ቁረጪው።

ለዲኤሙ የምትጽፊለት ሌላ ነገር ደግሞ ምርጫ ነው። ሦስት ተጫዋች ብቻ ቢመጣስ? ሰባት ቢመጣስ? የሊጉ ጀብዱዎች በየፍልሚያው ጎን ትንሽ ሰንጠረዥ አላቸው፤ ቡድኑ ደካማ ከሆነ አንድ ጠባቂ ቀንስ፣ ጠንካራ ከሆነ አንድ አለቃ ጨምር ይላል። እሱን አትርሺ። ሰዓት ካለቀ የቱ ትዕይንት እንደሚዘለልም ጻፊለት። ካልጻፍሽለት የሚዘለው አዝማሪውን ነው።

ቦሌ_ላይ

እየተማርኩ ነው። እዚህ እኛን ጨምሮ የማውቃቸው ሁለት ቡድኖች አሉ። ኮንቬንሽን የለንም፣ ዳይስ እንኳ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የምናገኘው። በሁለት ቡድን የጋራ ዓለም መጀመር ይቻላል? ወይስ ትንሽ ነው?

ሃያ_ገጽታ

ይቻላል እንጂ! ሁለት ጠረጴዛ ካለህ የጋራ ዓለም አለህ። ሦስት ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ካራክተር በምን ደንብ እንደሚሠራ፣ ከእያንዳንዱ ጀብዱ በኋላ የሚሞላ አንድ ወረቀት፣ እና የሚያጸድቅ ሰው። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ያጫወተው ሰው፣ የተገኘው ወርቅና ዕቃ ይጻፍ፣ ዲኤሙ ይፈርምበት። እኛ አድቬንቸር ሪኮርድ እንለው ነበር፤ የኔ አሁንም በፋይል አለ፣ የቡና ጠብታ ያለበት ሁሉ። እናንተ በቴሌግራም ፎቶ አንስታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። የሚያጸድቀው ሰው ግን አንድ አይሁን፤ ሦስት ይሁን። አንድ ሰው ይደክመዋል፣ ወይም ለጓደኛው ያደላል።

የመጀመሪያውን ጀብዱ ደግሞ ሁለታችሁም ቡድኖች በየተራ ጻፉ። እናንተ የጻፋችሁትን እነሱ ይጫወቱ፣ እነሱ የጻፉትን እናንተ። ያኔ የሌላ ሰው ዲኤም ያንተን ጽሑፍ ይዞ ሲቸገር ታያለህ፤ ምን መጻፍ እንደነበረብህ ከዚያ ነው የምታውቀው።

ጠረጴዛ_ሰባት

ቦሌ፣ ዳይስ ከፈለጋችሁ በግል ጻፍልኝ። ነሐሴ ላይ እመጣለሁ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ አለ።

የወደብ_ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ወደቡ አልተቃጠለም። ጠረጴዛ ሰባት እንዳልከኝ ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ ከምሥራቁ ግድብ ጫፍ ያለ መብራት ቤት ሰጡኝ። ሌቦቹ የግምጃ ቤቱን መዝገብ የደበቁት እዚያ ነው፣ የሚያቃጥሉትም እሱን ነው። ተጫዋቾቹ ወይ መዝገቡን ያወጣሉ ወይ መብራት ጠባቂዋን፤ ሁለቱንም ለማውጣት በጣም ፈጣን መሆን አለባቸው። መጨረሻው ላይ ለዲኤሙ አንድ ገጽ ጨመርኩ፦ መዝገቡ ተረፈ? ጠባቂዋ ተረፈች? ዳይስ በኪስ ያለው ነገር ስላሳሰበኝ ቆጠራውን ለመብራት ቤቱ ብቻ አደረግኩት። ጠባቂዋን ያዳነ ጠረጴዛ ግን፣ ብዙኃኑ ምንም ቢል፣ ወረቀቱ ላይ ከእሷ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ያገኛል። ያ የእነሱ ነው፣ ማንም አይሽረውም።

ገጹ 14 ሆነ። ሳጥኖቹን ሁሉ ባለቤቴ እራት ሲሠራ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ድስቱን ማማሰል ያቆመባቸውን ብቻ አስቀረሁ።

ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርነው። አምስት ሰዎች ነበሩ፣ አማርኛ የሚያውቅ አንድም የለም። ያጫወተው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ጥግ ላይ ማስታወሻ ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ዝም ማለቱ ከመጻፉ ይከብዳል። ዳቦውን በሁለት ወፍ ገዙ። ለበረኛው ሦስት ወፍ ከፈሉ፤ አንዱ እንዲያውም አንድ ወፍ ቀንስልን ብሎ ተከራከረ። ከዚያ አዝማሪው ቆሞ ወፎቹ ሁሉ ወደቡን ጥለው ሄዱ አለ። ዲኤሙ መስመሩን አንብቦ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሃያ ቃል ያልተናገረች አንዲት ልጅ እርሳሷን አስቀመጠች። አንዴ ድገመው አለችው። ደገመላት። ከኪስ ቦርሳ ዝርዝሯ ላይ የጻፈችውን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ጠባቂዎቹ ናቸው አለች።

ጋሽ ሃያ፣ ሐረግ፣ ሌላ ሁለት ሙከራ ያስፈልገኛል፣ አንዱ በሦስት ሰው አንዱ በሰባት። የመብራት ቤቱ ፍልሚያ ለትንሽ ቡድን የከበደ ይመስለኛል። የፊታችን እሑድ በኢንተርኔት ማጫወት የምትችሉ ካላችሁ ፋይሉን ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ።

ሃያ_ገጽታ

ላኪው። በሦስት ሰው እኔ አጫውተዋለሁ።

ሐረግ

ሰባቱን ለኔ።